«ዛሬ ጠዋት ነው የጀመረው»፦ ሰባት ቀን ወደ ቆቦ

ቆቦ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚታመመው ጠዋት ነው። ቢያንስ ይዤው የሄድኩት መዝገብ እስከ ቅዳሜ ድረስ እንደዚያ ይል ነበር። ደብረ ብርሃን ከተመለስኩ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ግመሉ፣ ስለ መንገዱ ይጠይቁኛል፤ እኔም ስለ ሙቀቱ አወራላቸዋለሁ። ስለ መዝገቡ የጠየቀኝ የለም። እስቲ ጉዞውን ከመነሻው ልጻፈውና ያልተጠየቅሁትንም እግረ መንገዴን ልናገር።

ሥራዬ አልትራሳውንድ ማንሳት ነው። ሃያ ዓመት ያህል የእርጉዝ ሆድ ሳይ ኖሬ፣ በቅርቡ አንድ ጥናት ውስጥ ገባሁና የጭንቅላት ደም ማዳመጥ ተማርኩ። መሣሪያው ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። ጫፉ ጄል ተቀብቶ በዓይንና በጆሮ መካከል ያለው ስስ አጥንት ላይ ይደረጋል። አይቆርጥም፣ አይወጋም፣ ጨረር የለውም። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሹው፣ ሹው እያለ ይሰማል፤ ስክሪኑ ላይም ሞገድ ሆኖ ይታያል። ስትሮክ የመታው ሰው ላይ አንዱ ወገን ይደክማል ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። ደሙ ፈሶ ይሁን ረግቶ ግን መሣሪያው አይለይም፤ ለዚያ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፣ ሲቲ ስካኑ ደግሞ ከቆቦ ሩቅ ነው። ጥናቱ ሊያውቅ የፈለገው ይህች ትንሽ ዕቃ እንዲህ ባለ ቦታ ምን ያህል እንደምትረዳ ነበር። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፦ ሕመሙ ከጀመረው ስድስት ሰዓት ያለፈው በሽተኛ በመሣሪያው አይታይም።

ሰኞ ማለዳ በሚኒባስ ተነሳሁ። ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ውርጭ አንጥፋ ነበር። ጋቢዬን ተከናንቤ መሣሪያውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ዕቃ መጫኛው ላይ ይውጣ ያለኝን ረዳት በዓይኔ ብቻ መለስኩት። ጣርማበርን በጉም ውስጥ አለፍን፤ ከዚያ በታች ጋቢውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ ኮምቦልቻ ስንቃረብ ነጠላውን አወለቅሁ። አንድ ኬላ ላይ ወጣት ጠባቂ ሳጥኑን አስከፈተኝና ምን እንደሆነ ጠየቀ። አስረዳሁት። እናቱ ግማሽ ጎኗ ካልታዘዛት ዓመት እንዳለፋት ነገረኝና ይረዳት እንደሆነ ጠየቀኝ። መሣሪያው በዚያው ቀን ለመጣ ሰው ብቻ ነው አልኩት። «እናቴ ዘግይታለች ማለት ነው» አለና ሳጥኑን ቀስ ብሎ ዘጋልኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ብዙ አልከበደኝም።

ደሴ አደርኩ። ደሴ ብርድ ስላላት ቤቴ ያለሁ መሰለኝ፤ ሽሮዬን በልቼ ሻንጣዬን ስከፍት ግን የጄሉ ክዳን ተከፍቶ ልብሴን ሁሉ አጣብቆት አገኘሁ። ግማሹን ጠርሙስ ከቀሚሴ ላይ በማንኪያ እየጨለፍኩ መለስኩት። ማክሰኞ ወልድያን አልፈን ሜዳው ውስጥ ስንገባ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ፊቴን ያዘኝ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ፈልገው የሚሞቋት ናት፤ እዚህ የሚሸሿት ናት። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ግራና ቀኝ ቆሟል፤ በስተምሥራቅ ተራራው ደብዝዞ ይታያል።

ጎብዬ ስንደርስ ጎማችን ፈነዳ። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ከሹፌሩ ቀድመው ጎማው ሥር ተንበረከኩ፤ የሻይ ቤቷ ባለቤት ደግሞ ወንበር ጥላ ውስጥ አውጥታ አስቀመጠችኝና የሻዩን ዋጋ ብሰጣት «እንግዳ አይደለሽ?» ብላ እምቢ አለች። ደብረ ብርሃን ጎማ ቢፈነዳ ሰው በጋቢው ውስጥ ሆኖ አዘኔታውን ገልጦ ያልፋል፤ ብርዱ አያስቆምም። ሮቢትን አልፈን ቆቦ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ባጃጅና አቧራ ተቀበሉኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የሚረዳኝ ሞላ የሚባል የጤና መኮንን ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ ሦስት ዓመቱ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናገርም ወለሉን እያየ ነው። የያዘልኝ ፔንሲዮን ውሃም መብራትም ስላልነበረው ሻንጣዬን ተሸክሞ እትዬ ከድጃ ግቢ ወሰደኝ። እትዬ ከድጃ ከቤታቸው ጎን ያለችውን ክፍል ለመንግሥት ሠራተኞች ያከራያሉ። ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ ንግግራቸው ሁሉ በወላሂ የታጠረ ነው። የቲማቲም ዋጋ ሲነግሩኝ ሳይቀር ወላሂ ይላሉ። ገና ሳልቀመጥ ማዕድ ቀረበ፤ በቃኝ ስል «አፈር ስሆን ብዪ፣ ልጄ፣ ከሲታ ነሽ» ይሉኛል። ከሲታ አይደለሁም፤ ደብረ ብርሃን እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰውም የለም።

ባለቤታቸው ጋሽ እንድሪስ ሮቢት አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። ረዥም፣ ጥርሳቸው የማይከደን ሰው ናቸው። ሳጥኑን ሲያዩ ይህ ሬዲዮ ምን ጣቢያ እንደሚይዝ ጠየቁኝ። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ግቢው ውስጥ አስቀምጬ ጄል ቀባኋቸውና አዳመጥኩላቸው። ግራውም ቀኙም ጥርት ያለ፣ ኃይለኛ ነበር፤ ለማስተማሪያ የሚሆን ዓይነት። ጋሽ እንድሪስ ድምፁን ሲሰሙ ሚስታቸውን ጠሩ፦ «ከድጃ፣ ነይ ስሚማ! ደረቅ ነው ስትዪው የኖርሽ ራስ በመስኖ ነው የሚለማ!» እትዬ ከድጃ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሞላም ሳቀ። በዚያ ሳምንት የሳቅነው ያን ምሽት ብቻ ነው።

ረቡዕ ሥራ ጀመርን። ጠዋት ሁለት ወንድማማቾች እናታቸውን በቃሬዛ ይዘው ከተራራው ሥር ካለ ቀበሌ መጡ። ሴትዮዋ ግራ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። መቼ እንደጀመራቸው ስጠይቅ ታላቅየው ሳይደብቅ ሁለት ቀን እንደሆነው ነገረኝ፤ መጀመሪያ ምች ነው ብለው ዋግምት አስደርገዋቸው ነበር። በዓይንና በጆሮ መካከል፣ እኔ መሣሪያዬን የማደርግበት ቦታ ላይ፣ የምላጭ ጭረት አለ። እኔ ሳልቆርጥ ሳልወጋ ለማየት ሁለት ቀን የሚያስኬድ መንገድ መጥቻለሁ፤ እነሱ እዚያው ቦታ ላይ ቆርጠዋል። ተናደድኩ። ኮሪደሩ በሰው እንደሞላ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ሁለት ቀን ሙሉ ምን ትጠብቁ ነበር? እናታችሁን የገደላችኋት እናንተ ናችሁ» አልኳቸው። ሴትዮዋ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸውም ይንከራተታል። ታላቅየው ጫማዬን አየ። ሕጉን ነግሬያቸው መሣሪያውን ወደ ሳጥኑ መለስኩ።

ቀና ስል እትዬ ከድጃ ምሳዬን በሳህን ቋጥረው ግድግዳው ጥግ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ሳህኑን አቀበሉኝና «አብሽሪ፣ ልጄ» ብለው ሄዱ። ሞላ ሴትዮዋን ወደ ውስጥ አስገብቶ የሚደረገውን ሁሉ አደረገላቸው። በኋላ ወለሉን እያየ እንዲህ አለኝ፦ «ሲስተር፣ እዚህ ሰው እውነቱን የሚነግርሽ አንድ ጊዜ ነው። ከተቆጣሽው ቀጥሎ የምትፈልጊውን ነው የሚነግርሽ።» እኔ ደግሞ ለስላሳነት ነው እንዲህ የሚያስብለው ብዬ ናቅሁት።

ሐሙስ አራት በሽተኞች መጡ። አራቱም «ዛሬ ጠዋት ነው የጀመረው» አሉ። አንዱ ቤተሰብ ሰዓቱን እንኳ ሳልጠይቅ ነገረኝ። ደስ አለኝ። ቁጣዬ ከተማውን በአንድ ቀን ያስተማረ መሰለኝ። ከአራቱ አንደኛው ጎልማሳ ገበሬ ነበር፤ ጄሉን ልቀባው ስል እዚያው ቦታ ላይ የዋግምት ጠባሳ አየሁ፤ ቅርፊቱ ደርቆ ጠርዙ ሊነሳ የደረሰ። የዛሬ ጠዋት ቁስል እንደዚያ አይደርቅም። አላየሁም ብል ውሸት ነው። አየሁ፣ ጄሉን ከቅርፊቱ አጠገብ ቀባሁ፣ ድምፁን ቀዳሁ፣ መዝገቡ ላይ «ጠዋት» ብዬ ጻፍኩ።

ገና ጀምበር ሳትጠልቅ እትዬ ከድጃ ራት ይዘውልኝ ክፍሌ ደጃፍ ላይ ቆሙ። አልገቡም። ጋሽ እንድሪስ የውሃ ተራቸው ስለሆነ ማሳ እንደዋሉ አውቃለሁ። እትዬ ከድጃም ሮቢት የባለቤታቸው ወንድም ቤት ዱአ ስላለ እዚያ እንደሚያድሩ ነገሩኝ። እኔ መዝገቤን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። ሰው ገና አሁን እንደገባው፣ ተቆጥቼ እንዳስተማርኳቸው፣ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ካልተቆጡት እንደማይማር እየተኩራራሁ አወራኋቸው። እጃቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠቀለሉ ሰሙኝ። «ደግ» አሉና ሄዱ። ወጡ ጨው አልነበረውም። ተቻኩለው ነው ብዬ በላሁት።

ዓርብ ጠዋት፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንድ ባጃጅ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመ። ከውስጡ እትዬ ከድጃ «ዛሬ ጠዋት ነው» እያሉ ወረዱ፤ ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ጋሽ እንድሪስን አቅፈው አወረዱ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል፤ ቀኝ እጃቸው እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥሏል። ሲያዩኝ የሆነ ነገር ሊሉኝ ሞከሩ፤ የወጣው ድምፅ ቃል አልሆነም።

ጄሉን በቀኛቸው አደረግሁ፦ ሹው፣ ሹው፤ የማክሰኞው ድምፅ ራሱ። በግራቸው አደረግሁ። ሩቅ፣ ደካማ፣ ሊጠፋ የደረሰ። መሣሪያውን አዘዋወርኩት፣ አጋደምኩት፣ ጄል ጨመርኩ። ያው ነው። ማክሰኞ እዚያው ቦታ ላይ ያየሁት ሞገድ የት እንደሄደ ማመን አቃተኝ።

ደሴ ያለ የሙያ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እጃቸው ላይ እንዳለ፣ ግን ከጀመረው አራት ሰዓት ተኩል ሳያልፍ፣ ያውም በሲቲ ስካን መፍሰስ አለመሆኑ ከታየ በኋላ ብቻ እንደሚሰጥ ነገረኝ። እትዬ ከድጃን በትክክል መቼ እንደጀመራቸው ጠየቅኋቸው።

«ጠዋት ነው» አሉ። «ቁርስ ላይ። ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው።»

እርግጠኛ መሆናቸውን ደግሜ ጠየቅሁ። እርግጠኛ ነኝ አሉ። ለቲማቲም ዋጋ ወላሂ የሚሉት ሴት ያን ጊዜ ወላሂ አላሉም። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ሞላ አልተስማማም። ደም ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሏል፣ አስታውከዋል፣ መንገዱ አይታመንም፤ እዚሁ አረጋግተን እንያዛቸው አለ። እኔ በጣቴ ሰዓት ቆጠርኩ፦ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመራቸው፣ ሦስት ላይ ብንነሳ፣ ካልቆምን ስድስት ላይ ደሴ ነን። ጊዜ አለን አልኩ። ሞላ ለረዥም ጊዜ ጋሽ እንድሪስን አየና አምቡላንሱን ጠራ።

እትዬ ከድጃ በራሳቸው በኩል፣ እኔ በእግራቸው በኩል ተቀመጥን። ሮቢትን በፍጥነት አለፍን። ጎብዬ መግቢያ ላይ የጭነት መኪናዎች ሰልፍ ይዘው ቆመዋል። ሹፌሩ ወርዶ ጠይቆ ተመለሰ፤ ፊት መንገዱ ለጊዜው ተዘግቷል፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። የአምቡላንሱ ቆርቆሮ በፀሐይ ጋለ። ማክሰኞ ሻይ የሰጠችኝ ሴት አወቀችኝ፤ በጀሪካን ውሃ ይዛ መጣች፣ ሳትጠየቅ ነጠላዋን አርሳ ለእትዬ ከድጃ አቀበለቻቸው። ሁለት ገበሬዎች ኩታቸውን ዘርግተው መስኮቱን ከፀሐይ ከለሉልን፤ ክንዳቸው ሲዝል ሌሎች ተቀበሏቸው። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም።

እትዬ ከድጃ የባላቸውን ግንባር በነጠላው እየጠረጉ ስንት ጊዜ እንደቀረን ጠየቁኝ። ሰዓቴን አየሁና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አልኳቸው። እጃቸው ቆመ።

«የለንም» አሉ። «ትናንት ነው፣ ልጄ። ትናንት ከሰዓት፣ ውሃ ተራው ላይ ነው የወደቁ። ወንድማቸው ምች ነው፣ ዱአ ይደረግ አለ። ራት ይዤልሽ ስመጣ ሦስት ሰዓት አልሞላቸውም ነበር። አመጣጤ ልነግርሽ ነው። ተቆጥቼ አስተማርኳቸው አልሽኝ። ዘገየሽ ትይኛለሽ፣ እንደዚያች ሴትዮ ልጆች ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ፣ እሳቸውንም ሳታይ ትመልሻቸዋለሽ ብዬ ፈራሁ።» ዓይኔን አዩኝ። «አሁን ተቆጪኝ» አሉ።

አልተቆጣሁም። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሐሙስ ምሽት እሳቸው ደጃፌ ላይ ሻሻቸውን ሲጠቀልሉ መሣሪያው ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያኔ ቢነግሩኝ ጋሽ እንድሪስ ይድኑ ነበር ማለት አልችልም፤ ደሴ በሰዓቱ መድረሳችንም፣ የደሙ ዓይነትም አይታወቅም። ግን ያኔ ሰዓት ነበራቸው። አሁን በመንገዱ ማዶ የሚጠብቃቸው መድኃኒት የለም፤ ያለው ሙቀትና የሚንገጫገጭ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሹፌሩን እንዲመለስ ነገርኩት። መኪናው ሲዞር ኩታ የያዙት ገበሬዎች ሌላ መንገድ የተገኘልን መስሏቸው እጃቸውን አነሱልን።

ሞላ ሲያየን አልጋውን መልሶ አዘጋጀ። ጋሽ እንድሪስ ማምሻውን ትንፋሻቸው ከበደ። ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡ ቤታችን ይሁኑ ብሎ ወሰዳቸው፤ ረፋዱ ላይ አረፉ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። እኛ ዘንድ ለቅሶ ጩኸት አለው፤ እዚያ ግቢ ግን ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው በዝግታ ነበር የሚያለቅሱት፣ እኔንም እንደ ቤተሰብ መሐላቸው አስቀመጡኝ። የገባ ሰው ሁሉ መቼ እንደጀመራቸው ይጠይቃል። እትዬ ከድጃ ለእያንዳንዱ «ሐሙስ ከሰዓት» ብለው ይመልሳሉ።

ያን ቀን ከሰዓት መዝገቤን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ሞላን አስከትዬ አራቱንም በሽተኞች አልጋቸው ጫፍ ላይ እየተቀመጥኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደማልቆጣ አስቀድሜ ተናግሬ እንደገና ጠየቅሁ። ቅርፊት የነበረው ገበሬ ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ ሞላን አየች፣ ሞላ ራሱን ነቀነቀላት። «ሐሙስ ስንመጣ ሦስተኛ ቀናችን ነበር» አለች። ከአራቱ በእርግጥ ጠዋት የጀመረው አንዱን ብቻ ነው። ሦስቱን ሰረዝኩ። ከዚያ ረቡዕ ቀን የመለስኳቸው እናት ጋ ሄድኩ። መዝገብ ሳልይዝ አዳመጥኩላቸው፤ ታላቅ ልጃቸው የቀኙና የግራው ድምፅ ለምን እንደሚለያይ ጠየቀኝ፣ እስኪገባው ድረስ አስረዳሁት። ይቅርታ ስለው አሁንም ጫማዬን ነበር የሚያየው።

እሑድ መንገዱ ተከፍቷል ተባለና ለመመለስ ተነሳሁ። ባጃጁ በር ላይ እየጠበቀኝ እትዬ ከድጃ ከለቅሶተኛው መሐል ተነስተው መጡ። በጨርቅ የተቋጠረ የማሽላ ቂጣና ከማሳቸው የተነቀለ ሽንኩርት ይዘዋል። ባጃጁ ውስጥ ተቀምጬ ነበር፤ ጎንበስ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ አድርገው ጠየቁኝ።

«ዓርብ ዕለት እውነቱን ብነግርሽ፣ ያን መሣሪያ ታደርጊላቸው ነበር?»

አዎ ማለት ይቀለኝ ነበር። አዎ ብላቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን የሚሸከሙት እሳቸው ናቸው። ሕጉ ነው፣ ሕጉን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም ልልም አፌ ላይ መጣ። ተውኩት።

«አላደርግም ነበር» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም እንደዚያ ብዬ ነው» አሉና ቋጠሮውን ጭኔ ላይ አስቀምጠውልኝ ወደ ምንጣፋቸው ተመለሱ።

ወልድያ ስንደርስ ቋጠሮውን ፈትቼ ቂጣውን ቆረስኩ። ጨዉ ልክ ነበር።